ቴትራሳይክሊን በወተት አይዋጥም፦ ስለ አንቲባዮቲክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ክኒኑ ጨጓራ ይልጣል፣ በወተት ዋጠው።»
ደብረ ብርሃን አካባቢ ይህን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወተቱ በየቤቱ አለ፤ ምክሩም ከፍቅር ነው። ቴትራሳይክሊን ለሚባለው አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት) ግን አይሆንም። የወተቱ ካልሲየም ከመድኃኒቱ ጋር ይጣበቃል። የተጣበቀው ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም አያልፍም። ክኒኑን ውጠነዋል፣ በሽታው ጋ ግን አልደረሰም። በውኃ ይዋጥ፤ ከወተትና ከዓይብ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ። የጨጓራ ማስታገሻና የብረት ክኒንም እንደዚሁ ያግዱታል።

«ለጉንፋንም ይሆናል።»
አይሆንም። ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የሚባል መሥሪያ አለው። የመንዝ ባና የሚሠራን ሸማኔ አስቡ። መወርወሪያውን ብትይዙበት፣ ክሩ ሞልቶ ሥራው ይቆማል። ከአንቲባዮቲኮች ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ጄንታማይሲን የራይቦዞሙን ትንሹን ክፍል ይይዛሉ። ኤሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲንና ክሎራምፌኒኮል ትልቁን። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግን የራሱ ራይቦዞም የለውም፤ የሚሠራው በእኛው ነው። መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

«የሰውን ራይቦዞም ካልነካ ጉዳት የለውም።»
የእኛ ራይቦዞም ቅርጹ ስለሚለይ በአብዛኛው ይተርፋል። ቢሆንም ጄንታማይሲን ጆሮና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ቴትራሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ከጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ለልጅ መስጠት በጣም ያሳስበኛል።

«ካፕሱሉን ፈትቶ ቁስል ላይ መነስነስ ያደርቀዋል።»
ካፕሱል የተሠራው ለመዋጥ ነው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ካመረቀዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

«መድኃኒቱ አልተስማማውም፣ ባሰበት።»
ይህ የሚባለው ብዙ ጊዜ በግርሻ፣ ማለትም ትኩሳቱ እየተመላለሰ በሚያገረሽ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ግርሻ በልብስ ቅማል ይተላለፋል። በብርድ ጊዜ ልብስ ሲደራረብና ማጠቢያ ሲያጥር ቅማሉ ይመቸዋል። ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን በደንብ ያድነዋል፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶም ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በሽተኛውን መድኃኒቱን እንደወሰደ ጋቢ አልብሳችሁ ወደ ቤት አትመልሱት። ግፊቱ እየተለካ፣ መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይቆይ።