አይጧ መዋኘት ስታቆም ምን ማለት ነው?

የፀረ ድብርት መድኃኒት ጥናት ላይ «ያለመንቀሳቀስ ጊዜ ቀነሰ» የሚል ነገር ያጋጥማል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1977 ፖርሶልትና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት የመዋኘት ሙከራ መለኪያ ነው። አይጧ መውጫ በሌለው የውሃ ማሰሮ ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ ትፍጨረጨራለች። ቆይታ ግን አፍንጫዋን ከውሃ በላይ ለማቆየት ያህል ብቻ እየተንቀሳቀሰች ትንሳፈፋለች። የሚቆጠረው ይህ ጊዜ ነው።

ኢሚፕራሚን የተባለ የፀረ ድብርት መድኃኒት የተሰጣት አይጥ ቶሎ አትቆምም። ችግሩ፣ ካፌይንና አምፌታሚንም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ድብርት ስለሚያክሙ ሳይሆን እንስሳዋን ስለሚያቅበጠብጧት ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው ሊያፈዛት ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክፍት ሳጥን ውስጥ ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ ለብቻው ይለካሉ። እዚያም ከመጠን በላይ ከተሯሯጠች፣ የመዋኘት ሙከራው ውጤት አያስተማምንም።

አንዳንዶች እንደሚሉት መንሳፈፍን «ተስፋ መቁረጥ» ማለትማ ለእኔ አይዋጥልኝም። ጉልበት መቆጠብም ሊሆን ይችላል።