ስለ ቻትስወርዝ ቤት የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ ደርቢሻየር ውስጥ ቻትስወርዝ የሚባል ግዙፍ የገጠር ቤት አለ። የካቨንዲሽ ቤተሰብ፣ ማለትም የዴቮንሻየር ዱኮች (ዱክ ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) መኖሪያ ነው። ስለ ቤቱና ስለ ባለቤቶቹ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ዴቮን ውስጥ ነው»

አይደለም። ማዕረጋቸው የዴቮንሻየር (ማለትም የዴቮን) ይሁን እንጂ ቤቱ ያለው ደርቢሻየር ነው።

«ቤቱን የጀመረው አንድ ዱክ ነው»

የጀመረችው ሴት ናት። የሃርድዊኳ ቤስ የደርቢሻየር ልጅ ነበረች። ባሏ ሰር ዊሊያም ካቨንዲሽ ሌላ ቦታ ያለውን መሬት ሸጦ ወደ እሷ አገር እንዲመጣ አሳመነችው። በ1549 ቦታውን በ600 ፓውንድ ገዙ፤ በ1552 ግንባታው ተጀመረ። ዱክነቱ የመጣው በ1694 ነው። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ቤት ታሪክ ከእሷ የሚበልጥ ሰው የለም።

«ዙሪያው ያለው መስክ ተፈጥሮ ነው»

የሰው እጅ ሥራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኬፓቢሊቲ ብራውን የተባለው የመስክ ነዳፊ ነው ያስተካከለው። በኋላም 6ኛው ዱክ ኤደንሶር የተባለውን መንደር ከቤቱ እንዳይታይ አስነስቶ ራቅ ብሎ እንደገና አሠራው። መስኩን ስናደንቅ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎችም ማሰብ ተገቢ ነው።

«ካቨንዲሽ ሙዝ ስሙን ያገኘው ከበቀለበት አገር ነው»

ስሙ የዚህ ቤተሰብ ነው። የ6ኛው ዱክ አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ተክሉን በመስታወት ቤት ውስጥ እያሞቀ አሳደገው፤ በ1835 አበበ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ካቨንዲሽ ነው። አርባ ምንጭ አካባቢም ይበቅላል።

«መኳንንቱ ግብር አይነካቸውም»

ይሄኛው በጣም የራቀ ነው። 10ኛው ዱክ በ1946 ንብረቱን ወደ ልጁ ለማሸጋገር ዝግጅት አደረገ። ከግብር ለመዳን ግን ከዚያ በኋላ 5 ዓመት መኖር ነበረበት። በኅዳር 1950፣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ55 ዓመቱ በድንገት ሞተ። የውርስ ግብሩ 80 በመቶ ነበር! ልጁ አንድሩ ሰፊ መሬት ሸጠ። ሠዓሊው ሆልባይን የሳለው ትልቁ የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ንድፍ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፤ ዛሬ ለንደን በብሔራዊ የሥዕለ ገጽ ሙዚየም ነው ያለው። ቤስ ራሷ ያሠራችው ሃርድዊክ ሆል እንኳ ለመንግሥት በግብር ፈንታ ተሰጠ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1974 ነው።

«ቤቱ ዛሬም የዱኩ የግል ንብረት ነው»

ከ1981 ጀምሮ ቤቱንና የአትክልት ቦታውን የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቤተሰቡ እዚያው ይኖራል፤ ለሚኖርበት ክፍል ግን ኪራይ ይከፍላል። የጎብኚዎች የመግቢያ ገንዘብ ለቤቱ ጥገና ይውላል።