ተደራሽ ድረ ገጽ ምንድን ነው?

ጅማ ያለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ፈለገ እንበል። ጸሐፊዋ ማስታወቂያውን ጽፋ አተመች፤ ሥራ አስኪያጁ ፈረመ፤ ቲተርና ማኅተም አረፈበት። ከዚያ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ድረ ገጹ ላይ ተለጠፈ። ለሚያይ ሰው ምንም አይጎድለውም። ሒሳብ አያያዝ ተምሮ ሥራ ለሚፈልግ ዓይነ ስውር ግን ስልኩ የሚያነብለት "ምስል" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሲብስም የፋይሉን ስም ይጠራለታል፦ "ስካን ዜሮ ዜሮ አራት"። ደመወዙም፣ የሥራ ልምዱም፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብም ፎቶው ውስጥ ታስረው ቀሩ።

ተደራሽ ድረ ገጽ የሚባለው ማየት፣ መስማት ወይም እጁን እንደልቡ ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ሌላው የሚያገኘውን መረጃ ያለ ሰው እርዳታ የሚያገኝበት፣ ፎርሙንም ራሱ ሞልቶ የሚልክበት ገጽ ነው። ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ ኢንተርኔትን በስሙ ይጠራል።

ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ስክሪን ሪደር ይባላል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር አለ። ለዊንዶውስ ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤንቪዲኤ አለ፤ በነፃ ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው እንጂ ይሰማል።

ግን የሚያነበው ጽሑፍ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጠፍ፣ ችግር የለውም፤ ሙሉ ጽሑፉ ግን ከሥሩ ይተየብ። የዋጋ ዝርዝርም እንደዚሁ። ለፎቶዎች አጭር መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ አልት ቴክስት ይሉታል። "ቡና" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ "ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ እሸት ቡና" ቢባል ሰሚው ያየዋል። ለጌጥ ብቻ የገባ ፎቶ ከሆነ ቦታው ባዶ ይተው፤ ስክሪን ሪደሩ ዘሎት ያልፋል።

የእኛ አገር የራሱ ጣጣም አለው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። ጅማ ላይ ደግሞ አንዱ ገጽ አፋን ኦሮሞም፣ አማርኛም፣ እንግሊዝኛም ይኖረዋል። እያንዳንዱ ክፍል በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ኮዱ ውስጥ ካልተመለከተ፣ ስክሪን ሪደሩ አፋን ኦሮሞውን በፈረንጅ አፍ ሊያነበው ይችላል። የሚስተካከለው ለየክፍሉ በምትጻፍ አንዲት አጭር ኮድ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ቪዲዮ ካለ የሚነገረው ከሥር ይጻፍ። ደብዛዛ ቀለም ይቅር፤ ደብሊውሲኤጂ የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ቡና ነጋዴዎች ቡናማ በቡናማ ላይ መጻፍ ለምን እንደሚወዱ አይገባኝም! ጥግ ላይ የፊደል መጠንና ቀለም የምትቀይር፣ የዊልቸር ምልክት ያላትን አዝራር ለጥፎ "ተደራሽ ሆነናል" ማለትም አያዋጣም። አዝራሯ ከሥር ያለውን ፎቶ ወደ ጽሑፍ አትለውጥም።

መፈተኛው ከባድ አይደለም። ማውሱን ነቅለው፣ ታብ በምትባለው ቁልፍ እየተንቀሳቀሱ፣ በኢንተር እየከፈቱ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ፎርሙ "ላክ" አዝራር ድረስ በኪቦርድ ብቻ ይሂዱ። የት እንዳሉ ከጠፋብዎት ወይም መሃል ላይ ከተቀረቀሩ፣ ኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም ደንበኛም እዚያው ይቀራል። ከዚያ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ፈልገው፣ ጊዜውን ከፍለው፣ ፊትዎ ያስሞክሩት። ይህን ሁሉ ግን ለዌብሳይት ሠሪው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያድርጉት።