ኪንደር ስካውት፦ የእግረኞች ተራራ

ኪንደር ስካውት በሰሜን እንግሊዝ፣ በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል የሚገኝ ገላጣ ደጋ ነው። ከፍታው 636 ሜትር ነው። ለደጋ ሰው ይህ ብዙ ላይመስል ይችላል። አናቱ ግን ጥቁር ረግረግ ነው፤ ቦታውን ሳያይ የረገጠ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል።

መሬቱ ድሮ የአካባቢው ሰው ከብት የሚያሰማራበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታጠረና የባለጸጎች የወፍ አደን ቦታ ሆነ። የሚታደነው ግራውስ የሚባል ቆቅ መሰል ወፍ ነው። ከባለርስቶቹ አንዱ የዴቮንሻየር መስፍን ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ የፋብሪካ ጭስ ሲምግ የከረመ ሠራተኛ እሑድ አየር ፍለጋ ሲመጣ፣ ዘበኛ ዱላ ይዞ ይመልሰዋል። በ1897 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሄይፊልድ መንደር ተነስቶ በደጋው ጎን የሚያልፍ አንድ መንገድ በስንት ክርክር ተከፈተ።

ነገሩ የፈላው እሑድ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ነው። ክልከላውን ጥሶ በጅምላ ደጋውን ለመውጣት የተጠራውን ጉዞ የመራው ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት የማንችስተር ወጣት ነበር። ፖሊስ ባቡር ጣቢያ ላይ እንዳይጠብቀው ብሎ በብስክሌት መጣ። ሄይፊልድ አጠገብ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ ለተሰበሰቡት እግረኞች ንግግር አደረገ። ከዚያ ሁሉም እየዘፈነ ዳገቱን ተያያዘው። ቁጥራቸው ላይ ስምምነት የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው 400 ነው፤ ከዚያ ከፍ የሚያደርግም ዝቅ የሚያደርግም አለ። ዳገቱ ላይ ከዘበኞች ጋር ተጋጩ፣ አንድ ዘበኛም ቆሰለ። ከሼፊልድ በኩል ከመጡት ጋር ተገናኝተው ሲመለሱ ፖሊስ መንደሩ ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር። 6 ሰዎች ተከሰሱ፣ 5ቱ ከ2 እስከ 6 ወር ተፈረደባቸው። ሮትማን 4 ወር ደረሰው። አንድ እሑድ በእግር ለወጣ ልጅ!

በእርግጥ እነ ሮትማን ዋናው ጫፍ ላይ አልደረሱም። የጊዜው አንጋፋ የእግረኛ ማኅበራትም ድርጊቱን አልወደዱትም፤ ድርድራችንን አበላሸብን ብለዋል። ፍርዱ ግን የሕዝቡን ስሜት እንደለወጠ አያጠራጥርም። በሳምንታት ውስጥ በአቅራቢያው ዊናትስ በሚባለው ሸለቆ ብዙ ሺህ ሰው ለሰልፍ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ። በ1951 ኪንደርን ያቀፈው ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በገላጣ መሬት ላይ በነጻ የመጓዝ መብት በሕግ የጸናው ግን በ2000 ነው። በ2002፣ በ70ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ የዚያን ጊዜው የዴቮንሻየር መስፍን አያታቸው ስላደረጉት ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ።

ያ የድንጋይ ካባ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። ገደሉ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተለጥፏል። ከኪንደር ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የፔናይን የእግር መንገድ ረግረጉን የሚያልፈው በጠፍጣፋ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የመጡ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ማሽን የታሰረበት ቀዳዳ አሁንም ይታያል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል።