ካታሊቲክ ኮንቨርተር ምንድን ነው? ከአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ቆርጦ መጣሉስ?

የአክስቴ ልጅ የ97 ላንድክሩዘር አለው፣ ያ 80 የሚባለው፣ ባለ 4.5 ሊትር ቤንዚን፣ ስድስት ሲሊንደር። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው፣ ቅዳሜ ሲሆን ይዞት ወደ ሸናንዶዋ በኩል የጫካ መንገድ ሲያሳድድ ይውላል፣ ሚስቱ «ከኔ በላይ ነው የሚወደው» ትላለች። ባለፈው ሰመር ደወለልኝና «መኪናው ዳገት እምቢ አለኝ፣ ነዳጅ ስረግጥ ይጮሃል እንጂ አይሄድም፣ ካታሊስቱ ተዘግቷል አሉኝ፣ አስቆርጬ ቀጥ ያለ ቧንቧ ላስበይድበት ነው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን አጎቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ስለነበረው ልጅነቴን ግማሹን መኪና ስር ነው ያሳለፍኩት፣ እና ቆይ እስቲ አትቁረጥ አልኩት። ያን ቀን ለሱ ያስረዳሁትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ምክንያቱም አሮጌ ፎር ዊል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም።

መጀመሪያ እቃው ራሱ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ባጭሩ ካታሊስት የምንለው። መኪና ስር ብትገቡ ከሞተሩ የሚወጣው የጭስ ቧንቧ ወደ ኋላ ሲሄድ መሀል ላይ ያበጠ፣ ዳቦ የሚያክል ቆርቆሮ ታገኛላችሁ። ሀገር ቤት ከሞተር በኋላ ያለውን ሁሉ ማርሚታ ስለምንለው ብዙ ሰው ይሄም ማርሚታ ይመስለዋል። ማርሚታ ግን ድምጽ ነው የሚቀንሰው፣ ይሄኛው ጭሱን ራሱን ይቀይረዋል። ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ አለ፣ አንድ ኢንች በአንድ ኢንች በሆነች ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ 400 ቀዳዳ፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። ተደምሮ ጥቂት ግራም ነው፣ ግን ሌባን በሌሊት መጋዝ አስይዞ መኪና ስር የሚያስገባው ያ ጥቂት ግራም ነው። በ2021 አንድ አውንስ ሮዲየም ከ20,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፣ ከወርቅ ስንት እጥፍ። ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ክሪክ እንኳን ሳያስፈልግ ስሩ ስለሚገባ ለሌባ ሰርግና ምላሽ ነው።

ስራው እንዲህ ነው። ቤንዚን ሞተር ውስጥ አንድም ሳይቀር አይቃጠልም፣ ሲቃጠል ሶስት መጥፎ ነገር ይተርፋል። አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገለው እሱ ነው። ሁለተኛው ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅ። ሶስተኛው በሙቀቱ ብዛት የአየሩ ናይትሮጂን ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ የሚሰራው ናይትሮጂን ኦክሳይድ። ጭሱ በነዛ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከኦክስጅን ጋር አገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያደርጓቸዋል፣ ሮዲየም ደግሞ ሶስተኛውን በታትኖ ናይትሮጂኑን ወደ አየር ይመልሰዋል። ብረቶቹ ራሳቸው አያልቁም። ካታሊስት ማለት ደላላ በሉት፣ ያገናኛል እንጂ እሱ አይገዛም አይሸጥም፣ ያውም ኮሚሽን የማይጠይቅ ደላላ።

ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንድ፣ ሙቀት፣ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ስራ አይጀምርም፣ ለዛ ነው ጠዋት ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ከሁሉም የሚከፋው። ሁለት፣ የተመጣጠነ ድብልቅ፣ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። ይሄን ድብልቅ የሚያስተካክለው ኮምፒውተሩ ነው፣ ቧንቧው ላይ የተሰካው ኦክስጅን ሴንሰር እየነገረው። ስለዚህ ካታሊስት ብቻውን የተንጠለጠለ ቆርቆሮ አይደለም፣ ከሞተሩ ጋር በወሬ የተያያዘ ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ በብዛት የመጣው በ1975 ሞዴል መኪኖች ነው፣ ከ1970ው የንጹህ አየር ህግ በኋላ። ሀሳቡን ከዛ በፊት በ1950ዎቹ የሰራበት ዩጂን ሁድሪ የሚባል ፈረንሳዊ ኢንጂነር ነበር፣ ግን የዛን ጊዜ ቤንዚን እርሳስ፣ ሌድ የሚባለው ብረት፣ ነበረበት፣ እርሳስ ደግሞ እነዛን ብረቶች ሸፍኖ ይገላቸዋል፣ እና እርሳስ የሌለው ቤንዚን እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ከሰሀራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተወው በ2006 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከአለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021። ስለዚህ ድሮ ሀገር ቤት ካታሊስት ያለው መኪና ገብቶ በጥቂት ጊዜ ሲሞት «እቃው የማይረባ ነው» ይባል ነበር፣ የማይረባው ነዳጁ ነበር። ናፍጣ መኪና ሌላ ታሪክ ነው፣ ወደ አፍሪካ የሚሄዱት እነዛ ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘሮች ከፋብሪካ ሲወጡም ካታሊስት የላቸውም፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድማችሁ «የኔ የለውም፣ ምን ሆንኩ?» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ግን የናንተ ቤንዚን ነው አይወዳደርም።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ፣ «ብታወጣው ጉልበት ይጨምራል» ወደሚለው። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። የመጀመሪያዎቹ ካታሊስቶች፣ በተለይ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የነበሩት፣ ውስጣቸው የማር እንጀራ ሳይሆን ጠጠር ጠጠር የሚያክል ሸክላ የተሞላ ስለነበር እውነትም ጭሱን ያንቁ ነበር። በዛ ላይ በዛው ዘመን ፋብሪካዎቹ እርሳስ ለሌለው ቤንዚን ብለው የሞተሮቹን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ድብልቁን የሚጨምቁበትን መጠን፣ ቀንሰው ነበር፣ መኪናው ሲደክም ሰው ሁሉ አዲስ በመጣው ቆርቆሮ ላይ ፈረደ። የ90ዎቹ መኪና ላይ ያለ ጤነኛ ካታሊስት ግን የሚወስደው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ብታወጡት የሚጨምረው ድምጹ ነው፣ ድምጽ ሲጨምር ደግሞ ሰው የፈጠነ ይመስለዋል። አጎቴ ጋራዥ የሚመጡ ደንበኞችም እንደዛ ነበሩ፣ አንዱ ከዱባይ ያመጣው ቪታራ አልሄድ አለኝ ብሎ ካታሊስቱን ሌላ ቦታ አስቆርጦ መጣ፣ መኪናው ግን ያው ነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዛ ከፍታ ላይ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ከዱባይ ወለል መሬት መጥቶ እንጦጦን ሲያይ ቢደነግጥ ምን ይፈረድበታል።

እሺ፣ ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ሰዎችስ ለምን ያወጡታል? የነሱ ምክንያት ከጉልበት ወሬው ይሻላል፣ ልንሰማው ይገባል። ሲሰራ በጣም ይግላል፣ ደረቅ ሳር ላይ ስታቆሙ ሳሩን ሊያቀጣጥለው ይችላል፣ ይሄ እውነተኛ አደጋ ነው። ከስር ስለሚንጠለጠል ድንጋይ ይመታዋል፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ግሎ እያለ ወንዝ ውስጥ ስትገቡም ጋለ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው፣ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል። ግን የሳሩን ነገር ልብ በሉ፣ ፋብሪካው ይሄን ስለሚያውቅ ከስሩ የሙቀት መከላከያ ላሜራ አድርጎበታል፣ አሮጌ መኪና ላይ ይቺ ላሜራ ብሎኗ በዝገት ይበላና ትንኳኳለች፣ ባለቤቱ በድምጿ ይሰለቻል፣ ጋራዥ ሄዶ ያስገነጥላታል። ከዛ ሳር ሲጨስ ጥፋቱ የካታሊስቱ ይሆናል። ለኔ አሮጌ ፎር ዊል ላይ በጣም የተናቀች ጠቃሚ እቃ ያቺ ላሜራ ናት፣ በሰፊ የቧንቧ ማሰሪያ እንኳን አጥብቃችሁ መልሷት። ድንጋዩን ደግሞ ከስር ወፍራም ብረት በማሰር ትከላከላላችሁ፣ ወንዙን ከመሻገር በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ሩብ ሰአት መጠበቅ ማንንም አልገደለም።

ብታወጡት ምን ይሆናል? መጀመሪያ የምታውቁት በአፍንጫችሁ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ ጥሬ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ልብሳችሁ ላይ ይቀራል፣ ሚስት ትጠይቃለች። ሽታው ይሻል ነበር፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አይሸትም። አሮጌ ላንድክሩዘር ወለሉ አንድ ሁለት ቦታ በዝገት የተበሳ፣ የኋላ በሩ ጎማ የደረቀ ነው፣ በተለይ የኋላውን መስኮት ከፍታችሁ ስትነዱ መኪናው ከኋላው ያለውን ጭስ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ኋላ ወንበር ላይ ልጅ ተኝቶ ከሆነ አስቡት። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ኦቢዲ ቱ፣ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉድለት የሚከታተልበት ስርአት፣ ስላለው ከካታሊስቱ ኋላ ያለው ሴንሰር ጭሱ እንዳልጸዳ አይቶ ቼክ ኢንጂን ያበራል፣ ብዙ ጊዜ ፒ0420 የሚባለው ኮድ። መብራቱ ሁሌ በርቶ ከቀረ ደግሞ ነገ እውነተኛ ችግር ሲመጣ በምን ታውቃላችሁ?

ህጉ ደግሞ ፌደራል ነው። ታርጋ ያለው መኪና ላይ ካታሊስት ማውጣት ክልክል ነው፣ ባለቤቱም ቢሆን ጋራዡም ቢሆን፣ ህጉ ለአንድ ሰው እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አስቀምጦ ነበር፣ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ አሁን ከዛ በላይ ሆኗል። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ የጭስ ምርመራው በየሁለት አመቱ ነው፣ ከ25 አመት በላይ የሆነ መኪና ግን ነጻ ነው፣ እና የአክስቴ ልጅ «የኔ እኮ አይመረመርም» አለኝ። ቦሎ የማይጠይቁህ ሰፈር ውስጥ ብትነዳ ቦሎ አያስፈልግም ማለት ነው እንዴ? አልኩት፣ ሳቀ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ካታሊስት ዝም ብሎ በእድሜ ብዙም አይሞትም፣ ይገደላል። ሻማ ወይም ገመዱ ሲበላሽ ሳይቃጠል የወጣው ቤንዚን እዛ ገብቶ ይቃጠልና ሸክላውን ያቀልጠዋል። ዘይት የሚበላ ሞተር ያለብሰዋል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስና አካል መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ሲሄድ የራዲያተር ውሃው ገብቶ ያበላሸዋል፣ እነዚህ 80ዎቹ ደግሞ በጓርኒሲዮን የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ተዘግቶ ካገኛችሁት እሱ ሬሳው ነው፣ ገዳዩ ገና ኮፈኑ ስር ነው ያለው። ሬሳውን አንስታችሁ ቧንቧ ብትበይዱ ገዳዩን ማን ይፈልገዋል?

መዘጋቱንም በግምት አትመኑ። የቫኪዩም ጌጅ፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ስበት የሚለካው መሳሪያ፣ ርካሽ ነው፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሰራ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ከዛ ዙሩን 2,500 ላይ ይዛችሁ አቆዩት፣ ቀስቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ጭሱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። በጎማ መዶሻም ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ውስጡ ከተንኳኳ ሸክላው ተሰብሯል።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እሱ ቤት ሄድኩ፣ ጌጁን ሰካን፣ እሱ ነዳጁን ረግጦ ይዞ እኔ ቀስቱን ሳይ 19 ላይ የነበረው 15፣ 12፣ 9 እያለ ወረደ። ተዘግቷል፣ እዚህ ላይ የነገሩት እውነት ነበር። ግን ሻማዎቹን ስናወጣ የአንዱ ሲሊንደር ሻማ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ከጋለው ብረት ጋር ተነካክቶ ተልጧል። «ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ይል ነበር?» አልኩት። «አዎ፣ ከሁለት ወር በፊት፣ ከዛ ተወኝ» አለኝ። ብልጭ ድርግም ማለቱ እኮ አሁኑኑ አቁም፣ ካታሊስቱን እየገደልከው ነው ማለት ነው። ገመዶቹንና ሻማዎቹን ስድስቱንም ቀየርን፣ ኦሪጅናሉ ካታሊስት ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ህጉ የሚፈቅደውን የሌላ ፋብሪካ ገዝቶ እዛው ቦታ ላይ አስበየደው፣ አዲስ ላሜራም ጨመረበት።

የወጣውን አሮጌ ካታሊስት ግቢው ውስጥ ካርቶን ላይ ገልብጠን ስናራግፈው ግራጫ፣ ግማሹ የቀለጠ ስብርባሪ ፈሰሰ። አክስቴ ቡና ይዛ ስትወጣ ቆም ብላ አየችውና «ሌባ የሚሰርቀው ይሄን ነው?» አለች። አዎ እማዬ፣ ፕላቲኒየም አለበት አልናት። አንዱን ስባሪ አንስታ አገላብጣ አየችው፣ «ምን ፕላቲኒየም፣ የተሰበረ ጀበና ነው» ብላ ወርውራው ቡናውን ቀዳችልን።