ሬይም ምንድን ነው? የአውሮፕላን ጂፒኤስ ሲሳሳት ማን ያጋልጠዋል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ የስልካችሁ ጂፒኤስ ይጠፋል። ምንም አይደል፣ መንገዱ አንድ ነው። በጉም ውስጥ ለማረፍ የሚወርድ አብራሪም ጂፒኤሱ ቢጠፋ ወዲያው ያውቃል፤ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። የሚከፋው ሳይጠፋ ሲሳሳት ነው።

ሬይም የአውሮፕላኑ መቀበያ ይህን ስህተት ራሱ የሚያጣራበት ስሌት ነው። ከምድር የማንንም እርዳታ አይጠብቅም።

መቀበያው ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት የሚያሰላው ምልክቱ ለመድረስ በፈጀበት ጊዜ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ገደማ ያስታል። ቦታንና ሰዓትን ለማወቅ አራት ሳተላይት ይበቃል። ግን ከአራቱ አንዱ ቢዋሽ በምን ይታወቃል? አምስተኛ ሲኖር ስሌቱ አልገጥም ይላል፣ ስህተት እንዳለ ይታወቃል። ስድስተኛ ካለ ውሸታሙ ተለይቶ ይወጣል። መንዝ ላይ በመሬት ድንበር ሙግት ምስክር እንደማብዛት ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2004፣ ያውም በአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ የአንድ ጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ተበላሽቶ ለሰዓታት የተሳሳተ ምልክት ሲልክ ነበር። ሬይም የተሠራው እንዲህ ላለው ነው።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ረብሻ ሲመጣ ግን ታሪኩ ይለያል። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው ያሉት፤ ምልክታቸው እኛ ጋ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ርካሽ የምልክት ማፈኛ መሣሪያ እንኳ ይውጠዋል። ይሄኛው ቢያንስ አይደበቅም፤ ሳተላይት ሲያንስ መቀበያው ያስጠነቅቃል።

ከባዱ የሐሰት ምልክት መላክ ነው፣ ስፑፊንግ የሚሉት። ምስክሮቹ ሁሉ ማታውኑ ተማክረው መጥተዋል! ቃላቸው ስለሚገጥም ሬይም በሰላም ሊያሳልፋቸው ይችላል። አውሮፕላኑ በከፍታ እየበረረ ሳለ መሬት ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ «ቀና በል» እያለ የሚጮኽበት ጊዜ አለ፤ የተሳሳተ ቦታ ስለተነገረው።

ስለዚህ ከውጭ የመጣ ምስክር ያስፈልጋል። የምልክቱ ኃይል በድንገት ጨመረ? ሰዓቱ ዘለለ? የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ በራሱ የሚለካው ኢነርሻል መሣሪያስ ምን ይላል? በምድር ላይ ከተተከሉ የሬዲዮ ጣቢያዎች የሚገኘው ርቀትና አቅጣጫም ይመሳከራል። ጂፒኤስ እያለ እነዚህ አሮጌ ጣቢያዎች ጨርሰው ያልተነቀሉትም ለዚህ ነው።