ሞተርሆም መሪው አልታዘዝ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተርሆም፣ ማለትም ቤት የተሠራበት መኪና፣ የሚነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ሲወርድ እዩት፤ ትከሻውን እያሸ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድለትም። ትንሽ ወደ ግራ ይላል፣ ይመልሰዋል። ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል፣ እንደገና ይመልሰዋል። የጭነት መኪና ሲያልፈው ደግሞ ቤቱ በሙሉ፣ ከነአልጋው ከነምድጃው፣ ወደ ጎን ይገፋል።

ይህን ለሰው ሲያወራ ምክር ይጎርፍለታል። አንዱ ዕቃ ግዛ ይለዋል። ሌላው ንፋስ ጨምር ይለዋል። አብዛኛው ምክር ግማሽ እውነት አለው፤ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

«ትልቅ መኪና ነው፤ መዋለል ያለ ነው። ልመደው።»

7 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ሞተርሆም ጎኑ ለነፋስ 20 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ ነው። ነፋስ ሲመታው ይሰማል። የጭነት መኪና ሲያልፍም ከፊቱ የሚገፋው አየር መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ይስባችኋል። እዚህ ድረስ መልመድ ነው።

ነፋስ በሌለበት፣ ደልዳላና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በየሰከንዱ መሪ የምታስተካክሉ ከሆነ ግን ያ ተፈጥሮው አይደለም። የሆነ ነገር ተዛብቷል።

መካኒክ ጋ ሄዳችሁ «መሪው አስቸገረኝ» ከማለታችሁ በፊት ችግሩን ለዩት። ወደ አንድ ጎን ብቻ መሳብና ግራ ቀኝ መዋለል አንድ አይደሉም። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የግራና የቀኝ ጎማ ንፋስ መበላለጥ፣ የያዘ ፍሬን ወይም አላይመንት (የጎማዎቹ አንግል አቀማመጥ) መዛባት ጠርጥሩ። (መንገድ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል በጣም ትንሽ መሳብ ጤነኛ ነው።) በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው። መሪ ካዞራችሁ በኋላ የመኪናው ጀርባ ዘግይቶ እየተወዛወዘ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ወደ ኋላ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ ወደተያያዘበት ዘንግ) ይሂድ።

«ጎማው ላይ የተጻፈውን ያህል ንፋስ ሙላ»

ይህ ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋው ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም የሚያስፈልገው ንፋስ ነው። የእናንተ መኪና ያንን ያህል ላይከብድ ይችላል።

ንፋሱ ሲበዛ ጎማው ያብጣል፣ መሬት የሚነካውም በመሃሉ ብቻ ይሆናል። በየትንሿ ጉብታ ይዘላል። መሪው ቀለል ይላል፣ መኪናው ግን ይዋልላል። ይህን የሚያዩ ብዙዎች «ንፋስ አንሶ ይሆናል» ብለው ሌላ ይጨምሩበታል! ንፋሱ ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ መሪውም ዘግይቶ ይታዘዛል። መጨረሻው መፈንዳት ነው። ስለዚህ ማንም በግምት አይቀንስ።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው መኪናውን ለጉዞ እንደምትጭኑት ጭናችሁ ካስመዘናችሁ በኋላ ነው። ውሃው፣ ነዳጁ፣ ጓዙ፣ ሰዎቹም በየወንበራቸው። መጀመሪያ የፊት አክስል ለብቻው፣ ቀጥሎ የኋላው። የሚቻል ከሆነ ግራና ቀኙም ለየብቻ፤ ምክንያቱም ፍሪጁና ምድጃው በአንድ ጎን ከሆኑ ያ ጎን ይከብዳል። ከዚያ የጎማው አምራች ያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ታያላችሁ። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ጎማዎች ሁሉ እኩል ይሞላሉ፤ ልኩም ለከበደው ጎን በሚበቃው ነው። የፊትና የኋላ አክስል ግን ሊለያዩ ይችላሉ።

የምትለኩት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሄድና ፀሐይ ሳይመታው ነው። ሲሄድ ሞቆ ንፋሱ ይጨምራል፤ ያ የታሰበበት ስለሆነ መሃል መንገድ ላይ አታስተንፍሱት። ከኋላ መንታ ጎማ ካለው የውስጠኛውን አትርሱ። እጅ ስለማይደርስበት ብቻ የሚረሳ ጎማ ነው።

«ከተፈቀደው ክብደት ካላለፍኩ የትም ብጭን ለውጥ የለውም»

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 4 ሜትር አለ እንበል። ከኋላ አክስል 2 ሜትር ወደ ኋላ ርቃ፣ መኪናው ጭራ ላይ 100 ኪሎ የምትመዝን ስኩተር ታስራለች። የኋላ አክስሉ ስንት ተጨመረበት? 100 ኪሎ አይደለም፣ 150 ነው። ተጨማሪው 50 ኪሎ ከየት መጣ? ከፊት ጎማዎች ላይ ተነሥቶ። የኋላ አክስሉ እንደ ሚዛን መሃል ሆኖ ጭራው ሲወርድ አፍንጫው ይነሣል።

መሪ የሚያዞረው ደግሞ የፊት ጎማን ነው። የፊት ጎማ ሲቀል መሬት የሚነክስበት አቅም ይቀንሳል። ነፋስ ሲመጣ መኪናው የሚንሳፈፍ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። እንደ ፊያት ዱካቶ ባሉ፣ የፊት ጎማቸው በሚጎትት መኪኖች ላይ ለተሠሩ ሞተርሆሞች ይባስ አስቸጋሪ ነው፤ እርጥብ ዳገት ላይ ጎማው መንሸራተት ይጀምራል።

1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ከኋላ ያለ የ100 ሊትር ታንከር ሞልቶ ሲሄድና ባዶ ሆኖ ሲሄድ መኪናው ሌላ ጠባይ ቢያሳይ አይግረማችሁ። ከባድ ከባዱን ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከልና ወለሉ አጠገብ አድርጉት። ቆርቆሮ ምግብና የመሣሪያ ሳጥን ከላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ቦታ የላቸውም። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሰው የማይሞክረው።

«አላይመንቱ ከፋብሪካ ተስተካክሎ መጥቷል»

ብዙ ሞተርሆም የሚሠራው በሁለት እጅ ነው። አንዱ ድርጅት ሻንሲውን (ሁሉን የሚሸከመውን የታች ብረት) እና ሞተሩን ያወጣል፤ ሌላው ቤቱን ይሠራበታል። ቤቱ ሲጫንበት፣ ኋላም የእናንተ ጓዝ ሲጨመር፣ መኪናው ዝቅ ይላል፣ የጎማዎቹም አንግል ይቀየራል። ስለዚህ አላይመንት የሚሠራው እንደ ጉዞ ቀን ተጭኖ ነው።

ከአንግሎቹ ውስጥ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ወሳኙ ካስተር ነው። ብስክሌት አስቡ። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። እጃችሁን ብትለቁም ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይሞክራል። መኪናም ላይ ያው ነው፤ ካስተሩ በቂ ሲሆን መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። ሲያንስ መሪው የት እንደሚቆም አያውቅም። ሁለተኛው ቶ ነው፦ ጎማዎቹ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚያየው? ወደ ውጭ ካዩ እያንዳንዱ ጎማ ወደየራሱ ሊሄድ ይፈልጋል፣ መኪናውም ይዋልላል።

የአላይመንት ማሽኑ ላይ አረንጓዴ ስላበራ ብቻ አትውጡ። አረንጓዴ ማለት ከተፈቀደው ክልል አልወጣም ማለት ነው። ካስተሩ ከክልሉ በላይኛው ጫፍ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ጠይቁ። የታተመውን ወረቀትም ውሰዱ።

«መሪ ማረጋጊያ ግጠምበት፣ ትገላገላለህ»

መሪው ላይ የሚታሰረው ማረጋጊያ ድንገተኛ ምትን ይውጣል። መሪው እጃችሁ ውስጥ እንዳይርገበገብ ያደርጋል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን የላላ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) አያጠብቅም፣ የጠፋ ካስተር አይመልስም፣ የቀለለ አፍንጫ አያከብድም። በሽታውን ሳይነካ ሕመሙን ስለሚያስታግስ መጀመሪያ ላይ መገጠሙን አልወደውም። ያረጀው መጋጠሚያ ከሥሩ መበላቱን ይቀጥላል፣ እናንተም አይሰማችሁም።

«መሪው ከላላ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ብሎን ማጥበቅ ነው»

የመሪው ጥርሶች ያሉበት ሳጥን ላይ ማስተካከያ ብሎን ያለው መኪና አለ። እውነት ነው፣ ስታጠብቋት ልቅነቱ ይጠፋል። ከመጠን ካለፈች ግን መሪው መሃል ላይ ይይዛል፣ ወደ ቦታው መመለሱንም ያቆማል። መዋለሉ ይብሳል።

መጀመሪያ ልቅነቱ የት እንዳለ እዩ። አንድ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርግ። ሌላው ከታች በባትሪ እየተመለከተ ከመሪው ዘንግ እስከ ጎማው ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ይከተል። አንዱ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ከዘገየ፣ ያ ነው። መኪናው ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማው ታኮ ተደርጎበት፣ በክሪክ ሳይነሣ ይሁን።

«ሾክ አብዞርበር ቀይር፣ መጋደሉ ይቆማል»

ሾክ አብዞርበር የሚያቆመው መዝለልን ነው። ኩርባ ላይ ማጋደልን የሚይዘው ሁለቱን ጎን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ፣ ስታቢላይዘሩ ነው። ጭነት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው (ተደራርቦ የታሰረው ዝርግ ብረት) ነው። በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ የኋላ አክስል ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ሌላ ዘንግም አለ፤ ፓንሃርድ ይባላል። ቅድም ያነሣነው የጀርባ መወዛወዝ ካለባችሁና ክብደቱ ከተስተካከለ፣ ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። የሚገጠም ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይገጠም። ሦስቱን በአንድ ቀን ከገጠማችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

«ከኋላ የአየር ሞላ ካስገባሁ ብዙ መጫን እችላለሁ»

አትችሉም። የአየር ሞላ የወረደውን ጀርባ ያነሣል እንጂ የጎማውን፣ የፍሬኑንና የአክስሉን አቅም አይጨምርም። የተፈቀደው ክብደት ያው ነው። ጀርባው ሲነሣ መኪናው ወደ ፊት ያቀረቅራል፣ ካስተሩም ይቀንሳል። በሁለቱ አክስሎች መካከል 4 ሜትር ባለው መኪና ላይ ጀርባውን 7 ሴንቲ ሜትር ማንሣት 1 ዲግሪ ገደማ ካስተር ይወስዳል። ለአላይመንት ትንሽ አይደለም። ከገጠማችሁ አላይመንት ድገሙ።

«ጥርሱ ካላለቀ ጎማው ደህና ነው»

ሞተርሆም ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ። 10 ዓመት ከሞላው፣ ምንም ቢያምር፣ ይቀየር።

«ነፋስ ሲነሣ መሪውን ጥብቅ አድርገህ ያዝ»

ጥብቅ ያለ እጅ ከመጠን በላይ ያስተካክላል። አንዷን እርማት ሌላ እርማት ይከተላታል፤ ከዚያ የሚዋልለው ሾፌሩ ይሁን መኪናው አይለይም። እጃችሁን ላላ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ከመኪናው አፍንጫ አንሥታችሁ ሩቅ ጣሉ። ፍጥነትም ቀንሱ። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ልክ አያድግም፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወጡ ከፊት የሚገፋችሁ አየር በግማሽ ያህል ይጨምራል።

«ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን ርገጥ»

እግር በራሱ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ግን ፍሬን ላይ አትርገጡ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደ ፈነዳው ጎን በኃይል ይሳባል። ፍሬን ሲጨመርበት ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ መሳቡም ይብሳል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከነዳጅ መስጫው ላይ ድንገት አትነሡ፤ እንዲያውም ለአፍታ ጫን በሉት፣ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል መኪናውን ቀጥ ለማድረግ ያግዛል። ቀጥ ካለላችሁ በኋላ ቀስ በቀስ ልቀቁ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ዳር። ዳሩ ለስላሳ አፈር ከሆነ ጠንካራ መሬት እስክታገኙ ጥቂት ሜትር ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጎማው እንደሆነ አልቆለታል።